ርኅራኄና ዕውቀት፤ የተጎዳች ወፍ ያገኘ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ለተጎዳ ፍጥረት መራራት በአገራችን ሰው ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የኖረ መልካም ጠባይ ነው። ነገር ግን ዕውቀት ያልመራው ርኅራኄ አንዳንድ ጊዜ የሚረዳውን ፍጥረት ይገድላል፤ ረጂውንም ለበሽታ ያጋልጣል። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን ሳይሆን በሥራ ላይ ሳለን ከገጠመን ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በክረምቱ መጨረሻ አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያችን መጡ። የልጁ ቀኝ እጅ ከአውራ ጣቱ በታች በአራት ስፍራ ተወግቶ አብጦ ነበር። በግራ እጁ ግን አፉ በነጠላ ቍራጭ የታሰረ ቅርጫት አቅፎ ለማንም አልሰጥም ይል ነበር።

«ጌታዬ፤ ጭልፊት ነው የወጋው» አሉኝ እናቱ። «ትናንት ማታ ከመብራት ገመድ ሥር ወድቆ አግኝቶ ሊያነሣው ሲል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይዝብኝ ብዬ እየሮጥኩ መጣሁ።»

ቍስሉን በሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውሃ አጠብሁት፤ የመንጋጋ ቈልፍ መከላከያ መርፌም ተወጋ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው እንደ ውሻ፤ እንደ ድመትና እንደ ቀበሮ ካሉት አጥቢ እንስሳት መሆኑን ገልጬ ከጭልፊቱ በዚህ በኩል ሥጋት እንዳይገባቸው ለእናቱ ነገርኋቸው። ሥራዬ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ሳለ ልጁ ቅርጫቱን በጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ጋሼ፤ ለእሱስ መድኃኒት የለዎትም?» ሲል ጠየቀኝ።

ፈትቼ ባየው ጭልፊቱ በጎኑ ተኝቶ አፉን ከፍቶ በጭንቅ ይተነፍስ ነበር። ክንፉ አልተሰበረም፤ ደምም አልነበረውም። የደረቱ ላባ ግን በወተት ርሶ ደርቋል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሳያይ በማንኪያ ወተት ሲያጠጣው ማደሩን ነገረኝ። ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ነበርና ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞተ። ልጁን ለማጽናናት «አንተ አልጎዳኸውም፤ የጎዳው ገመዱ ነው» አልሁት። ይህ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ጭልፊቱ በጨለማና በጸጥታ ቢቀመጥ ኖሮ ምናልባት በማግስቱ ይበር ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያቀረብሁት ለዚያ ልጅ በዚያ ቀን ሳልጨርሰው የቀረውን መልስ ለመጨረስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በዴልሂ ከተማ የታየ ምሳሌ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሕዝብ ጤና ትምህርቱን የተከታተለው በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ከቀዩ ግንብ ፊት ለፊት፤ በቻንድኒ ቾክ ገበያ መግቢያ ላይ፤ ጃይን የተባለው ሃይማኖት ተከታዮች የሚያስተዳድሩት የወፎች ሐኪም ቤት ይገኛል። ጃይኖች ነፍስ ያለውን ፍጥረት ሁሉ አለመግደልን እንደ ዋና ትእዛዝ ስለሚይዙ በቤተ መቅደሳቸው ቅጥር ውስጥ ለወፎች ሐኪምና ማደሪያ አቁመዋል። ርግቦችና በቀቀኖች በሽቦ ቤት ውስጥ ሆነው ይታከማሉ፤ የዳኑትም ወደ ሰማይ ይለቀቃሉ። ሥጋ የሚበሉት አሞሮች ግን፤ የቤቱ ሥርዐት ሥጋን ስለማይፈቅድ፤ ታክመው በዚያው ቀን ይመለሳሉ እንጂ ተኝተው አይታከሙም።

በዚያው ከተማ ናዲምና ሳዑድ የሚባሉ ወንድማማቾች በወጣትነታቸው የቈሰለ ጭልፊት አገኙ፤ ነገር ግን ሥጋ በል ስለሆነ አስተኝቶ የሚያክምላቸው አጡ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የእጅ መታጠቢያ ሳሙና መቅጃ ዕቃ በሚሠሩበት ምድር ቤት ውስጥ ጭልፊቶችን ራሳቸው ማከም ጀመሩ። ስለ ጡንቻና ስለ ጅማት የመጀመሪያ ዕውቀታቸውን ያገኙት የሰውነት ማጎልመሻ ስፖርት በሚሠሩበት ጊዜ ካነበቧቸው መጽሔቶች ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ አሞሮች በእጃቸው አልፈዋል። ሻውናክ ሴን የተባለ የፊልም ሠሪ በ2022 ዓ.ም. ስለ እነርሱ ያዘጋጀው ፊልም በብዙ አገሮች ታይቷል።

ወደ እነዚህ ሰዎችና ወደ ወፎቹ ሐኪም ቤት የሚመጡት ወፎች ብዙዎቹ የተጎዱት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰዎች በነፋስ የሚያበርሩትን የወረቀት መጫወቻ የሚያስሩበት የጠርሙስ ዱቄት የተቀባ ክር ነው። ክሩ የወፍን ክንፍ እስከ አጥንት ይቈርጣል። ሰውም በመንገድ ላይ አንገቱን ተቈርጦ የሞተበት ጊዜ አለ። በ2017 ዓ.ም. የሕንድ የአካባቢ ጥበቃ ችሎት ይህን የመሰለ ክር በአገሪቱ ሁሉ ከለከለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፤ ወፍን ለመርዳት ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ዕውቀትና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፤ ወፎችን ከሚጎዱት ነገሮች ብዙዎቹ የሰው እጅ ሥራ ናቸው። በእኛም አገር ያው ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመድ፤ የመስኮት መስተዋት፤ የልጆች ወንጭፍና በሥጋ ላይ የተደረገ መርዝ ወፎችን ይጎዳሉ።

የመጀመሪያ ርዳታ

የተጎዳች ወፍ ያገኘ ማናቸውም ሰው የሚከተለውን ሥርዐት ቢጠብቅ ይጠቅማል።

1ኛ፤ ከመንካቱ በፊት ጥቂት ቆሞ ይመልከት። ወፏ በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ወይም ገመዱ በተበጠሰበት ስፍራ ያለች እንደ ሆነ ከቶ አይቅረብ፤ ለመብራት ኀይል ሠራተኞች ያስታውቅ።

2ኛ፤ ከኋላዋ ቀርቦ በነጠላ ወይም በፎጣ ሁለመናዋን ይሸፍን። ዐይኗ ሲሸፈን ድንጋጤዋ ይበርዳል። ክንፎቿን ወደ ሰውነቷ አስጠግቶ በቀስታ ያንሣት፤ ደረቷን ግን አጥብቆ አይያዝ። ወፍ የምትተነፍሰው የደረቷን አጥንት ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በማንቀሳቀስ ስለ ሆነ ደረቷ የታፈነ ወፍ በእጅ ላይ እያለች ትሞታለች። ጭልፊት፤ ንስርና ጉጉት የሚጎዱት በምንቃራቸው ሳይሆን ይበልጡን በጥፍራቸው ስለ ሆነ አስቀድሞ እግራቸውን በወፍራም ጨርቅ መያዝ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ጥቃቅን ቀዳዳ በተበሳ ካርቶን ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ ያኑራት፤ ካርቶኑንም ይክደን። ጨለማ፤ ሙቀትና ጸጥታ የወፍ የመጀመሪያ መድኃኒቶች ናቸው። ልጆች በየጊዜው እየከፈቱ እንዳያዩአት፤ ድመትና ውሻም እንዳይቀርቧት ይከልክል።

4ኛ፤ ውሃም ሆነ ወተት በአፏ አያፍስስ። የወፍ የመተንፈሻ ቀዳዳ ከምላሷ ሥር ስለሚገኝ የሚፈስሰው ነገር በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተትማ ከዚህም በላይ ለወፍ ሆድ የማይስማማ ነው። ዳቦም አይስጣት። ወፏ በእግሯ ቀጥ ብላ ለመቆም የምትችል ከሆነች ጥልቀት በሌለው ዕቃ ጥቂት ውሃ ቢያኖርላት ይበቃል።

5ኛ፤ ደም የሚፈስስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ተጭኖ ያቁም። የተሰበረ ክንፍ ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይጠግን። የወፍ አጥንት በሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚጋጠም ጠማማ ሆኖ ከተጋጠመ በኋላ ማቅናት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

6ኛ፤ መስኮት መትቷት የደነገጠች ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ትነቃለች። ካርቶኑን ወደ ሜዳ አውጥቶ ቢከፍት ራሷ ትበራለች። ወደ ላይ አይወርውራት።

በምድር ላይ ስለሚገኙ የወፍ ልጆች

ብዙ ሰዎች ከዛፍ ሥር የምትዘል የወፍ ልጅ ባገኙ ጊዜ እናቷ የጣለቻት መስሏቸው ወደ ቤት ይወስዷታል። ይህ ስሕተት ነው። ላባ ያበቀለች የወፍ ልጅ መብረር የምትማረው በምድር ላይ እየዘለለች ሲሆን እናቷም በአቅራቢያ ሆና ትመግባታለች። እንዲህ ያለችውን ከመንገድና ከድመት አርቆ ወደ ቍጥቋጦ ማስጠጋት ብቻ ይበቃል። ገና ላባ ያልበቀለባት ከሆነች ግን ጎጆዋ ከተገኘ ወደ ጎጆዋ ትመለስ። የሰው እጅ ስለነካት እናቷ ትተዋታለች የሚባለው ነገር እውነት አይደለም።

የሰውን መድኃኒት ለወፍ ስለ መስጠት

አንዳንድ ሰዎች ሕመሟን ለማስታገሥ ሲሉ ከቤታቸው የሚያገኙትን ክኒን ፈጭተው ለወፍ ይሰጣሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። በእኛ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ከሚገኙት መድኃኒቶች አንዱ ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ይህ መድኃኒት ለሰው ይጠቅማል፤ በአሞሮች ላይ ያደረሰው ጥፋት ግን ሊነገር የሚገባው ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት በሕንድ፤ በፓኪስታንና በኔፓል ጥንብ አንሣዎች ያለ ታወቀ ምክንያት በብዛት ማለቅ ጀመሩ። ከመቶው ከ95 የሚበልጡት የጠፉባቸው ወገኖች አሉ። ምክንያቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሊንድሴይ ኦክስ የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በፓኪስታን ባደረገው ምርመራ ነው። ገበሬዎች ለታመሙ ከብቶቻቸው ዲክሎፌናክ ያስወጉ ነበር። መድኃኒቱን ወስዶ የሞተውን ከብት በድን የበላ ጥንብ አንሣ ኵላሊቱ ሥራውን ያቆምና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ሕንድ ይህን መድኃኒት ለከብት መስጠትን በ2006 ዓ.ም. ከለከለች። በምትኩም ጥንብ አንሣን የማይጎዳው ሜሎክሲካም የተባለው መድኃኒት ተተካ።

ይህ ነገር የወፎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ጥንብ አንሣ ሲጠፋ የከብት በድን በሜዳ ላይ መበስበስ ጀመረ፤ የባዘኑ ውሾችም በዙ። በድን የሚያነሣ አሞራ ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ መሆኑ የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት የጥንብ አንሣ ወገኖች አራቱ በ2015 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብተዋል። ስለዚህ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ መርዝ ማድረግ የጽዳት ረዳቶቻችንን በገዛ እጃችን ማጥፋት ነው።

ወፏ ከዳነች በኋላ

የዱር ወፍን የማዳን ዓላማ ወደ ዱር መመለስ ነው። ቍስሏ ስለ ሻረ ብቻ ግን ለመመለስ ዝግጁ ናት ማለት አይደለም። ለብዙ ሳምንት በጠባብ ቤት የቆየች ወፍ የክንፏ ጡንቻ ይደክማል፤ ስለዚህ ባለሙያዎች በሰፊ የሽቦ ቤት ውስጥ እንድትበር አድርገው ኀይሏን ከመለሱላት በኋላ በተገኘችበት አካባቢ ይለቋታል።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሰው እጅ ብቻ ያደገች ወፍ ደግሞ ሌላ ችግር ያገኛታል። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ በ1935 ዓ.ም. እንደ ገለጠው የዝይ ጫጩቶች ከእንቍላል በወጡ ጊዜ መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ፍጥረት እናታቸው አድርገው ይከተላሉ። ሎሬንዝን ጫጩቶቹ እንደ እናት ይከተሉት ነበር። ይህ ለተመልካች ደስ የሚል ቢሆንም ሰውን የምትመስል አድርጋ ራሷን የቈጠረች የዱር ወፍ ከወገኖቿ ጋራ ለመኖር አትችልም፤ ሰውንም ስለማትፈራ በቀላሉ ትገደላለች። ስለዚህ የዱር ወፍን ለጌጥ ወይም ለልጅ መጫወቻ ብሎ ማሳደግ ርኅራኄ አይደለም። ለመብረር ፈጽሞ የማትችልና በሥቃይ ላይ ያለች ወፍ ስትሆን ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ማድረጉ እንደ ጭካኔ ሊቈጠር አይገባም።

ስለ ቤት ዶሮዎች

ለጭልፊቱ የምንራራውን ያህል በጓሯችን ለምትኖረው ዶሮ መራራት ይገባናል። በበዓል ዋዜማ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ፤ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፤ ከገበያ እስከ ቤት ሲወሰዱ ማየት የተለመደ ነው። ወፎች እንደ ሰው ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላቸውም፤ ስለዚህ በተዘቀዘቁ ጊዜ የሆድ ዕቃቸው በመተንፈሻቸው ላይ ይወድቃል። ዶሮን በቅርጫት ወይም በክንድ አቅፎ መውሰድ ምንም ወጪ የሌለው ደግነት ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1965 ዓ.ም. ብራምቤል በተባሉ ሊቅ የሚመራ የመንግሥት ጉባኤ ለእርባታ እንስሳት ሁሉ ለመቆም፤ ለመተኛት፤ ለመዞር፤ ራሳቸውን ለማጽዳትና እግራቸውንና ክንፋቸውን ለመዘርጋት የሚበቃ ስፍራ እንዲሰጣቸው ምክር አቀረበ። ይህ ለአንዲት ዶሮ የሚገባትን ትንሹን ነገር ያሳያል። ከዚህም ጋራ ንጹሕ ውሃ፤ ከዝናብና ከአውሬ የሚያድን ቤትና የምታድርበት ቆጥ ያስፈልጋታል። ቆጡ ግን ከሰው መኝታ ቤትና ከማድ ቤት የተለየ ይሁን።

የዶሮ ዋና ጠላት ፈንግል ነው። ይህ በሽታ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። የያዛትን ዶሮ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መከላከያ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በቢሾፍቱ ከተማ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ስለ አሰጣጡ በየወረዳው ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። አዲስ የተገዛች ዶሮ ከሌሎቹ ጋራ ከመቀላቀሏ በፊት ለሁለት ሳምንት ተለይታ ትቆይ። የታመመችውን ወደ ገበያ መውሰድ በሽታውን ለጎረቤት መሸጥ ነው። የሞተችውም በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር እንጂ ወደ መንገድ ወይም ወደ ወንዝ አትጣል።

ስለ ረጂው ጤና

ወፍን የሚረዳ ሰው ራሱንና ቤተ ሰቡን መጠበቅ ግዴታው ነው። ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። የዶሮ ኩስ የነካው እጅ ሳይታጠብ ምግብ ቢበላበት ሳልሞኔላ የተባለው ተሐዋሲ የሆድ በሽታ ያመጣል። ከበቀቀንና ከርግብ የሚተላለፍ የሳንባ በሽታም አለ፤ በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. በበቀቀን ንግድ ምክንያት በአሜሪካና በኤውሮጳ ተዛምቶ ነበር። የወፍ ኢንፍሉዌንዛም በሆንግ ኮንግ ከተማ በ1997 ዓ.ም. 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገድሏል።

ስለዚህ የሚከተለው ጥንቃቄ ይደረግ።

ሀ፤ ወፍን ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፤ በተቻለም ጓንት ማድረግ።

ለ፤ ወፍን ምግብ በሚበላበትና በሚበሰልበት ክፍል አለማኖር፤ ወፍን አለመሳም።

ሐ፤ የደረቀ ኩስ ትቢያው እንዳይተነፈስ አስቀድሞ በውሃ አርሶ መጥረግ፤ አፍንጫንና አፍንም መሸፈን። ስፍራውን ከታጠበ በኋላ በውሃ በቀጠነ በረኪና ማጽዳት።

መ፤ የተቧጨረ ወይም የተወጋ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት።

ሠ፤ በአንድ ስፍራ ብዙ ወፎች ሞተው ወይም አንገታቸው ተጣሞ ሲንገዳገዱ ከተገኙ ከቶ ሳይነኩ ለጤናና ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ።

ረ፤ ወፍ ከነካ በኋላ ትኵሳት፤ ሳል ወይም የዐይን መቅላት የያዘው ሰው ወፍ መንካቱን ለሐኪሙ መንገር። ይህ ካልተነገረ ሐኪሙ ሕመሙን ከተራ ጉንፋን ለመለየት ይቸገራል።

ልጁ የእጁን ቍስል ለማሳየት በሳምንቱ ተመልሶ በመጣ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን የነገርሁት ጎድሎ እንደ ነበር ገልጬ ስለ ወተቱ እውነቱን ነገርሁት። አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎም «ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ሲል ጠየቀኝ፤ እኔም ካርቶኑን፤ ጨለማውን፤ ጸጥታውንና ሳሙናውን አንድ በአንድ አስረዳሁት። ከሁለት ወር በኋላ በክዳን በተዘጋ ካርቶን ውስጥ አንዲት ዋኖስ ይዞ መጣ። የሰጣት ምግብም መጠጥም አልነበረም። ካርቶኑን አስቀምጦ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ እጅ መታጠቢያው ወዴት እንደ ሆነ ነው።

ዋኖሷን ከጤና ጣቢያው ጓሮ ወስደን ካርቶኑን ከፈትንላት። ጥቂት ቆይታ ዙሪያዋን ተመለከተችና ወደ ባሕር ዛፉ በረረች።

አንባቢ ሆይ፤ ርኅራኄ በልብ ውስጥ ካለ ማስተማር የሚያስፈልገው እጅን ነው። እጃችን ምን ማድረግ እንዳለበትና ምን አለማድረግ እንዳለበት ቢያውቅ ወፏም ትድናለች፤ እኛም በጤና እንኖራለን። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ በቤታችሁ ላሉት ልጆች አንብቡላቸው፤ የተጎዳችውን ወፍ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኙአት እነርሱ ናቸውና።